ሰማያዊው ድንጋይና የእንጅባራው ድሪ

ከባሕር ዳር ተነሥተው ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ቢጓዙ፣ 80 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄዱ ዳንግላን ያገኛሉ። ዳንግላን የአዊ ምድር በር ብንላት ከእውነቱ አንርቅም። ከጣልያን ወረራ በፊት እንግሊዞች ቆንስላ ከፍተውባት ነበር፤ ቆንስሉ ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ባለው ጊዜ የጣናን ዙሪያና የዓባይን ሸለቆ እየዞረ ያጠናው ከዚህችው ከተማ እየተነሣ ነው። የድካሙንም ፍሬ እ.ኤ.አ. በ1936 በመጽሐፍ አሳትሞታል። ስለ ቆንስሉ ይህ ይበቃናል። እኛ ወደ ዳንግላ የምንወስድዎ ገበያዋን እንዲያዩልን ነው።

ከእህሉ ተራና ከበርበሬው ተራ አለፍ ብለው ሸማና ጌጣጌጥ ወደሚሸጥበት ቢዘልቁ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ሸራ ላይ ጨሌው፣ አምባሩ፣ የመስቀል ማንጠልጠያው፣ የጆሮ ጌጡ ተዘርግቶ ይጠብቅዎታል። እዚያ መካከል ባለፈው ጥር አንድ ቀለበት ዓይኔን ሳበው። ድንጋዩ የሽንብራ ፍሬ ያህላል፤ ሰማያዊነቱ የጥቅምትን ሰማይ ያስንቃል፤ አንዳች እንከን አይታይበትም። ሻጩ ወጣት ነው። «ሳፋየር ነው፤ ከአክሱም የመጣ» አለኝ፤ ዋጋውንም ነገረኝ። ዋጋው ለመስታወት ብዙ ነው፤ ለእውነተኛ ሳፋየር ግን ስጦታ ነበር። አመስግኜ አለፍሁ። ያው ቀለበት፣ ወይም የእሱ መንትያ፣ እንጅባራ ደርሶ የሰው ቤት ሲያናጋ እንደማገኘው ግን አልገመትሁም።

ስለ ድንጋዩ ስም እንነጋገር። ሳፋየር የሚለው አጠራር ከውጭ የመጣ ቢሆንም ድንጋዩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስን ያነበበ ሁሉ ሰንፔር የሚለውን ስም ያውቀዋል፤ በኦሪት ዘጸአት በሊቀ ካህናቱ የደረት ኪስ ላይ ከተደረደሩት ዕንቁዎች መካከል ይቆጠራል፤ በዮሐንስ ራእይም የአዲሲቱ ኢየሩሳሌም ቅጥር ሁለተኛ መሠረት እሱ ነው። የጥንት ሰዎች በዚህ ስም ይጠሩት የነበረው የዛሬውን ሳፋየር ሳይሆን ከአፍጋኒስታን የሚመጣውን ላፒስ ላዙሊ የተባለ ሰማያዊ ድንጋይ ነው የሚሉ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው፤ ወርቅ የሚመስል ነቁጥ ያለበት ተብሎ ተጽፏልና። ያም ሆነ ይህ፣ እናቶቻችን ጥቁር ሰማያዊ የሐር ማተብ በልጅ አንገት ሲያስሩ የኖሩ ናቸውና ሰማያዊውን ቀለም መውደድ የተማርነው ከሌላ አይደለም።

አገራችንስ ሰንፔር አላት ወይ ቢሉ፣ አላት። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ በትግራይ፣ ከአክሱም ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ በሚገኘው በጭላ አካባቢ ሳፋየር መገኘቱ ተሰማ፤ ወሬውም በጥቂት ወራት ውስጥ የዓለምን የዕንቁ ነጋዴዎች ደረሰ። ገበሬው በዶማና በአካፋ አፈሩን ቆፍሮ፣ ጠጠሩን በውኃ እያጠበ ነው የሚለቅመው። ሰማያዊ ብቻ አይደለም፤ አረንጓዴም፣ ቢጫም፣ አንዱ ድንጋይ ሁለት ቀለም የያዘም ይወጣል። አብዛኛው ብረት የበዛበት ነውና ሰማያዊው እንደ ቀለም ብልቃጥ ጠቆር ይላል። በዚያው ዓመት በጉጂ ሻኪሶ አካባቢ ጥሩ ዓይነት ኤመራልድ መገኘቱ በመሰማቱ፣ ቀድሞ በደላንታ ኦፓል ብቻ ትታወቅ የነበረችው አገራችን በአንድ ጊዜ ሦስት የከበሩ ድንጋዮች ያሏት ሆና በዓለም ገበያ ተጠራች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተነሣና የጭላ ሰው ከዕንቁ በፊት ነፍሱን የሚያስብበት ጊዜ መጣ።

ወደ መንገዳችን እንመለስ። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመካከሉ የፋግታ ለኮማ ከተማ የሆነችው አዲስ ቅዳም አለች። በግራም በቀኝም የሚያዩት ደን ዲከረንስ የሚባለው የውጭ ግራር ነው፤ ገበሬው እንደ ሰብል ይተክለዋል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል፤ በቦታው እህል ይዘራና መልሶ ይተክላል። ከዚያ በኋላ አገሩ ከፍ እያለ፣ ነፋሱም እየበረደ ይሄዳል። ጋቢዎን ወይም ሹራብዎን ከቦርሳ ሥር አይቅበሩት። እንጅባራ የገብስና የድንች አገር ናት፤ ሰዎችም በሌላ ስሟ ኮሶበር ይሏታል። የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ስትሆን፣ አንዱ መንገድ ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላው ወደ አዲስ አበባ፣ ሦስተኛው ወደ ቻግኒና ወደ መተከል ይወስዳል። በመንገድ ዳር ከቀርከሃ የተሠራ ወንበርና መሶብ መሰል ዕቃ ተደርድሮ ያያሉ። አውንጂ ባይችሉም አይቸገሩም፤ ሕዝቡ በሁለት ቋንቋ የሚያወራ ነው።

ከከተማው ጥቂት ወጣ ብሎ ዘንገና ሐይቅ አለ። ክብ ነው፤ ዙሪያው በዛፍ የተሸፈነ ገደል ነው፤ ውኃው እንደ ሰዓቱ አንዴ አረንጓዴ አንዴ ሰማያዊ ይመስላል። ይህ ሐይቅ ከመሬት ውስጥ የፈነዳ እሳተ ገሞራ የቆፈረው ጉድጓድ ነው፤ ጥርባ ሐይቅም እንደዚሁ። ከእግርዎ በታች ያለው ጥቁር ድንጋይ ሁሉ በአንድ ወቅት እንደ ወጥ የፈላና የፈሰሰ ነው። የጭላውን ሳፋየር ወደ ላይ ያወጣውም ይኸው ዓይነት የቀለጠ ድንጋይ ነው። ዕንቁው የሚፈጠረው ከመሬት በታች በጥልቁ ነው፤ የቀለጠው ድንጋይ ወደ ላይ ሲገነፍል እግረ መንገዱን ይዞት ይወጣል፤ ከዚያም ጥቁሩ ድንጋይ በዝናብና በፀሐይ ሲፈርስ ጠንካራው ዕንቁ ሳይፈርስ በወንዝ ጠጠር ውስጥ ይቀራል። ታዲያ ጥቁር ድንጋይ ባለበት ሁሉ ሳፋየር አለ ማለት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ፤ የቀለጠው ድንጋይ በጥልቁ ውስጥ የሚይዘው ዕንቁ ካላገኘ ባዶውን ይወጣል።

እንጅባራ የገባሁት ለፈረሰኞቹ በዓል ነበር። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል፤ የዐድዋ ዘማቾችንና ከእነርሱ ጋር የዘመቱትን ፈረሶች ለማሰብ ነው። ፈረሱ እንደ ሙሽራ ያጌጣል፤ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴው በግንባሩና በአንገቱ ላይ ይወዛወዛል። ሜዳው ላይ የቆሙትን ሴቶች ቢያዩ ደግሞ የአገሩን የጌጥ ታሪክ በአንገታቸው ላይ ያነቡታል፤ አሮጊቶቹ የብር መስቀልና ድሪ፣ ወጣቶቹ ከሱቅ የተገዛ የሚያብለጨልጭ ነገር።

ያረፍሁበት ቤት እመቤት በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። ልጃቸው ከበዓሉ በኋላ ልትዳር ነው። ማታ ቡና ሲፈላ እትዬ ከሣጥን አንድ ጨርቅ አወጡና ፈቱት። በውስጡ የብር ድሪ አለ፤ እንደ ገመድ የተጐነጐነ፣ በየመካከሉ ጥልፍልፍ እንክብል ያለበት፣ ጥርት ብሎ የሚሰማ ድምፅ ያለው። አያታቸው ለእናታቸው ያሠሩላቸው ነው። አንጥረኛው ያቀለጠው 12 ማርትሬዛ ብር እንደሆነ በቤተሰቡ ሲነገር ኖሯል።

«ልጄ ይህን አልፈልግም አለች» አሉኝ እትዬ።

ልጅቱ ጨዋ ናት፤ አንገቷን ደፍታ ነው የመለሰችው። «እማዬ፣ አልፈልግም አላልሁም። ከባድ ነው፤ ለሠርግ ቀን እንጂ ለሌላ ቀን አይሆንም። ቀለበቱ ግን ሁልጊዜ እጄ ላይ ይሆናል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ነጋዴ መጥቶ፣ ድሪውን ወስዶ በለውጡ ሰማያዊ ድንጋይ ያለበት ቀለበትና ጥቂት ብር ሊሰጥ ተስማምቷል። ቀለበቱንም እስኪያስቡበት ድረስ ትቶላቸው ሄዷል። ልጅቱ በእጅ ስልኳ የእንግሊዝ ልዕልቶች የሚያደርጉትን ቀለበት አሳየችኝ። አውቀዋለሁ፤ ማን የማያውቀው አለ! ቻርልስ እ.ኤ.አ. በ1981 ለዲያና ያሰረላት ነው፤ 12 ካራት የሚመዝን ሞላላ የስሪላንካ ሳፋየር በ14 አልማዝ የተከበበ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ልጇ ዊልያም ለካተሪን አጭቶበታል። በእትዬ መደብ ላይ የተቀመጠው ቀለበትም በመልክ የዚያው ወንድም ነው። ከዳንግላው ሸራ ላይ ካየሁት ጋር ደግሞ በአንድ እናት የተወለደ ይመስላል።

እስቲ በቅድሚያ ድሪውን እንመዝን። አንድ ማርትሬዛ 28 ግራም ከጥቂት ነው፤ ከመቶው 83 እጁ ንጹሕ ብር ነው። አሥራ ሁለቱ 337 ግራም ያህል ይሆናሉ ማለት ነው፤ በውስጡም 280 ግራም ገደማ ንጹሕ ብር አለ። የአንጥረኛው ጥበብ፣ ዕድሜውና ታሪኩ በዚህ ላይ አልተቆጠረም። ነጋዴው ሊከፍል ያሰበው ግን ለብሩ ብቻ ነበር፤ ያውም አሳንሶ። እኔን ያናደደኝ ከቀለበቱ ይልቅ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ድንጋዩ። ሳፋየር ኮረንደም የሚባለው ማዕድን ነው፤ ይኸውም አሉሚንየምና ኦክስጅን ተዋሕደው የሠሩት ነው። ጥቂት ብረትና ቲታንየም ሲገቡበት ሰማያዊ ይሆናል፤ ክሮምየም ሲገባበት ቀይ ይሆንና ስሙ ተለውጦ ሩቢ ይባላል። ጀርመናዊው ሞስ የማዕድናትን ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በለካበት መለኪያ 9ኛው ሲሆን፣ በላዩ ያለው አልማዝ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ። ፈረንሳዊው ኦጉስት ቬርኔይ እ.ኤ.አ. በ1902 የአሉሚንየም ኦክሳይድን ዱቄት በነበልባል ላይ እያቀለጠ ሩቢ መሥራቱን ለዓለም አሳወቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ሰማያዊው ሳፋየርም በዚያው ዘዴ ተሠራ። ይህ መስታወት አይደለም፤ በባሕርዩ ከተፈጥሮው ጋር አንድ ነው፤ ጥንካሬውም፣ ክብደቱም፣ ቅዝቃዜውም ያው ነው። በፋብሪካ በገፍ ስለሚሠራ ግን ዋጋው እጅግ ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ሳፋየር ነው ብሎ የሚሸጥልዎ ሰው አንዳንድ ጊዜ በቃሉ አልዋሸ ይሆናል፤ የዋሸው ከየት መጣ ሲባል ነው።

በቤት ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል? ድንጋዩን ከንፈርዎ ላይ ያስነኩት፤ ሳፋየር ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል፤ መስታወት ቶሎ ይሞቃል። እፍ ብለው ትንፋሽ ቢያለብሱት፣ ጉሙ ከሳፋየር ላይ ፈጥኖ ይጠፋል፤ ከመስታወት ላይ ይዘገያል። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት የመስታወት ጠርዞች ተሸርሽረው፣ ክብ ክብ የአየር አረፋም በውስጡ ታይቶ ይሆናል። እኛ ከእትዬ ጋር በሻማ ብርሃን ይህን ሁሉ ሞከርን። ድንጋዩ ቀዘቀዘ፤ ጉሙም ወዲያው ጠፋ። ልጅቱ ደስ አላት። እኔ ግን ደስታውን አልተካፈልሁም፤ ምክንያቱም ይህ ፈተና መስታወትን ይለያል እንጂ የፋብሪካውን ሳፋየር አይለይም። በድንጋይ ወይም በሞረድ መፋቅ ደግሞ በፍጹም የማይደረግ ነው፤ ዕንቁውን ያበላሻል፤ የሚነግረንም ነገር የለም።

በማግስቱ ወደ አንድ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ሄድን። ሰውዬው ዕድሜ የጠገቡ ናቸው፤ 10 እጥፍ የምታጎላ ትንሽ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ቀለበቱን በመስኮቱ ብርሃን በኩል ብዙ ጊዜ አገላበጡት። ከዚያም መነጽሩን ለልጅቱ ሰጧትና «አንቺው እይው» አሏት። ያየችውን ስታስረዳ፣ እንደ ሸክላ ድስት ዙሪያ መሥመሩ ጎበጥ ጎበጥ ይላል አለች። እሳቸውም እንዲህ አሉ፦ «ምድር የሠራችው መሥመሩ ቀጥ ይላል፤ ጥግ ጥጉ ላይም ይሰበራል። ጎባጣውን ነበልባል ነው የሠራው።» እውነታቸውን ነው፤ በነበልባል የተሠራ ሳፋየር እየተጠማዘዘ በላይ በላዩ ስለሚያድግ ቀለሙ በጎባጣ መሥመር ይቀመጣል፤ የተፈጥሮው ግን በቀጥታና በማዕዘን። አያይዘውም ለበለጠ እርግጠኝነት የተሟላ መሣሪያ ወዳለው ባለሙያ መሄድ እንደሚያስፈልግ ነገሩን፤ ሐቀኛ ሰው መሆናቸውን የተረዳሁት በዚህ ነው።

መንገድ ላይ ልጅቱ ዝም አለች። ከዚያ ግን ጥያቄዋ በረከተ፤ የምጽፍልዎም በጠየቀችው መሠረት ነው።

ሳፋየር በእሳት ይታከማል ወይ ብላኝ ነበር። አዎን፤ በገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ሳፋየር ከ1000 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ውስጥ ያለፈ ነው፤ ቀለሙ እንዲጠራ ወይም እንዲፈካ ይደረጋል፤ ለውጡም አይመለስም። ይህ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሻጩ ሲደብቀው ነው። እንከን የለሽ፣ ትልቅና ርካሽ የሆነ ሦስቱን ባንድ ላይ ካዩ ግን ይጠርጥሩ፤ ምድር እንዲህ ያለ ቸርነት አታውቅም።

እንደ ጭላው ያለ ጠቆር ያለ ሳፋየር እንዴት ያምራል? የዲያናን ቀለበት በመኮረጅ እንዳይሆን! ጠቆር ያለውን ድንጋይ ትልቅና ጥልቅ አድርገው ቢቆርጡት ብርሃን አይመልስም፤ ጣት ላይ ቁራጭ ከሰል ይመስላል። ጠበብቱ ድንጋዩን አነስና ሳሳ አድርገው ይቆርጡታል፤ ማቀፊያውንም ከሥሩ ክፍት ትተው ብርሃን በጀርባው እንዲገባ ያደርጋሉ። ያኔ ሰማያዊው ይወጣል። ድንጋዩን ከብረቱ ጋር የሚያያይዙበት መንገድም ሁለት ነው፤ አንደኛው በጥፍር ነው፤ አራት ወይም ስድስት ቀጫጭን ጥፍሮች ድንጋዩን ይይዙታል፤ ብርሃን ይበዛለታል፤ ነጠላ ለባሽ ሴት ግን ፈተናዋ ነው፤ ጥለቱን ይጎትታል፤ ጥፍሩ ሲላላም ድንጋዩ ይወድቃል። ሁለተኛው ዙሪያውን በብረት ከንፈር ማቀፍ ነው። ሊጥ ለሚያቦካ፣ ልጅ ለሚያጥብ፣ እንጨት ለሚያነሣ እጅ የምመርጠው ይህን ነው፤ እንደ እኔ እንደ እኔ ያምራልም። የጎንደርና የጎጃም አንጥረኞች በብር ክር ጥልፍልፍ መሥራቱን ከጥንት ያውቁበታል፤ በመስቀሉ እምብርት ወይም በጉትቻው ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ የአገር ሳፋየር በከንፈር ታቅፋ ብትቀመጥ፣ የለንደን ጌጥ ሠሪ ሊኮርጀው የሚመኘው ነገር ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ቅቤም ጠይቃኛለች፤ ሙሽራ ናትና ጥያቄው ተገቢ ነው። ሳፋየር ቅቤ አይጠጣም፤ ነገር ግን ቅባት ይለጠፍበትና ብልጭታውን ያደበዝዘዋል፤ ለብ ባለ ውኃ፣ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ሲያጥቡት ይመለሳል። የደላንታው ኦፓል ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወገልጤና አካባቢ የተገኘው ይህ ዕንቁ እንደ ሰፍነግ ፈሳሽ የሚጠጣ ነው፤ ውኃ ሲገባበት የቀስተ ደመና ቀለሙ ይጠፋና ሲደርቅ ይመለሳል፤ ቅባትና ሽቶ ከገባበት ግን ብጫ ሊሆን ይችላል። ጥንካሬውም ከሳፋየር እጅግ ያነሰ ነው። ኦፓል ያላት ሴት ቅቤ ከመቀባቷ፣ ወይባ ከመሞቋና ሊጥ ከመንካቷ በፊት ታውልቀው።

እትዬ በበኩላቸው የጠየቁኝ ስለ ድሪው ነው፤ ከሠርጉ በኋላ የማን ይሆናል ብለው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አንዱ ተጋቢ ከጋብቻ በፊት የነበረው፣ ወይም በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ ያገኘው ንብረት የግሉ ሆኖ እንደሚቀር ይደነግጋል። ነገር ግን ንብረቱ የግል መሆኑ በማስረጃ ቢታወቅ ከክርክር ያድናል። በዚያው ዕለት ማታ ድሪው በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ተመዘነ፤ ክብደቱና ከማን ለማን እንደተሰጠ በወረቀት ተጻፈ፤ ሁለት ጎረቤቶችም በምስክርነት ፈረሙበት። 331 ግራም ሆኖ ተገኘ፤ ዕድሜ ልኩን ሲታሽ ጥቂት ተበልቷል ማለት ነው፤ ወይም አንጥረኛው ጥቂት አስቀርቷል።

ቀለበቱ ለነጋዴው ተመለሰ። ልጅቱ ግን ድሪው ከባድ ነው ያለችው ውሸት አልነበረም። ወርቅ ሠሪው ከእናቷ ጋር ተማክረው፣ ከጫፉ ጥቂት እንክብሎች ፈትተው ለዘወትር የሚሆን ጥንድ ጉትቻ ሠሩላት፤ የቀረው ድሪ አጠረና አንገቷ ሥር ተቀመጠ። በአንደኛው ጉትቻ እምብርት ላይ ለትንሽ ድንጋይ የሚሆን ባዶ ከንፈር ትተውበታል፤ በሌላኛውም እንዲሁ።